የሰው ዕቃ በልጅ እጅ ሲገኝ

ልጅ የሰው ገንዘብ ወይም ዕቃ አንሥቶ መገኘቱ ወላጅን እጅግ ከሚያስደነግጡ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ድንጋጤው የሚመነጨውም ከተወሰደው ነገር ዋጋ ይልቅ ድርጊቱ ስለ ልጁ የወደፊት ጠባይና ስለ ቤተሰቡ ስም ይናገራል ተብሎ ከሚፈራው ነገር ነው። ከክፍል ጓደኛው ቦርሳ ላፒስ ያወጣ የሰባት ዓመት ልጅ በወላጁ ዓይን በቅጽበት የሃያ ዓመት ወንበዴ ሆኖ ይታያል፤ የሚወሰደው ርምጃም ፊት ለፊት ለቆመው ሕፃን ሳይሆን በሐሳብ ለተሣለው ጎልማሳ የተመጠነ ይሆናል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ፣ ወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባው ሥራ የተወሰደውን ነገር ከልጁ ጋር ሄዶ ለባለቤቱ መመለስ መሆኑን፣ ይህ ሳይደረግ የሚሰነዘረው ዱላም ሆነ የሚሰጠው ምክር ፍሬው እጅግ ጥቂት እንደሆነ ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአሶሳ ከተማና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ከመጡ ሕዝቦች ጋር ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ ክልል፣ የራስና የሰው ንብረት ድንበር ልጅ በኑሮ የሚማረው ነገር እንጂ ይዞት የሚወለደው እንዳልሆነ ጎልቶ ይታያልና።

በሕግ ዓይን ስርቆት የሚባለው የሌላ ሰው የሆነን ተንቀሳቃሽ ነገር ያለ አግባብ ለመጠቀም አስቦ መውሰድ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 የሚደነግገውም ይህንኑ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ እጅ ብቻ ሳይሆን ልቡናም አለ፤ ወሳጁ ነገሩ የሌላ ሰው መሆኑን ማወቅና ለራሱ ሊያደርገው መፈለግ ይኖርበታል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል እንደማይጠየቅ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ማወቁም ሆነ መፈለጉ ገና በመሠራት ላይ ነውና። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው ሕፃን "የእኔ" የሚለውን ቃል ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ጋር ቢለምደውም፣ ባለቤቱ በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ዕቃም ባለቤት እንዳለው፣ ንብረት በስጦታ፣ በሽያጭ ወይም በውርስ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ፣ በውሰት የተወሰደ ነገር ግን የወሳጁ እንደማይሆን የሚረዳው ቀስ በቀስ ነው። ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ያለ ፈቃድ መውሰድ ክፉ መሆኑን አብዛኞቹ ልጆች ያውቃሉ፤ ይሁንና ማወቅና እጅን መግታት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፣ የኋለኛውም ከፊተኛው ብዙ ዘግይቶ ይመጣል።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው፣ ስለ ሕፃናት የግብረ ገብ ፍርድ በሚመረምረው መጽሐፉ፣ ለልጆች ያቀረበው አንድ ጥያቄ ለዚህ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። ልጆቹ የሁለት ልጆች ታሪክ ይነገራቸዋል፤ አንደኛው በር ሲከፍት ከበሩ ጀርባ መኖራቸውን ያላወቃቸውን 15 ኩባያዎች ይሰብራል፣ ሁለተኛው እናቱ በሌለችበት ከቁም ሣጥን ማርማላታ በስውር ሊያወጣ ሲንጠራራ አንድ ኩባያ ይሰብራል፤ ከዚያም ማን የበለጠ እንዳጠፋ ይጠየቃሉ። ትንንሾቹ ብዙ የሰበረውን ሲኮንኑ፣ ከፍ ያሉት ግን ሐሳቡን አይተው በስውር ሊወስድ የሞከረውን ኮነኑ። ከዚህ ወላጅ የሚማረው ነገር አለ፤ ለሁለት ብር ከረሜላ የማይቆጣ፣ ለሁለት ሺህ ብር ግን የሚያብድ ወላጅ ጥፋትን በዋጋ እየመዘነ ልጁን በሕፃንነት ፍርድ ላይ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ልጁም የሚማረው መስረቅ ክፉ መሆኑን ሳይሆን ብዙ መስረቅ አደገኛ መሆኑን ነው።

በአሶሳ ይህ የድንበር ትምህርት በየዓመቱ በማንጎ ወቅት ይፈተናል። ማንጎ በየግቢው በሚበቅልባት ከተማ፣ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ ልጅ ቢያነሣ ማንም አይከለክለውም፤ ከአጥር ውጭ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ በድንጋይ ቢመታ ባለቤቱ ይጮህበት ይሆናል እንጂ ሌባ አይለውም፤ አጥር ዘልሎ ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ለገበያ ከተደረደረው ውስጥ ካነሣ ደግሞ ያለ ጥርጥር ስርቆት ይሆናል። ትልልቆቹ እነዚህን ልዩነቶች ሳይነጋገሩ ያውቋቸዋል፤ ልጁ ግን ፍሬው አንድ፣ ዛፉም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ለምን አራት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ከገጠር ወደ ከተማ ለሚመጣ ልጅ ትምህርቱ የበለጠ ይከብዳል። በጉሙዝ ማኅበረሰብ መሬት በጎሳ የሚያዝ፣ እርሻውም ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር በመሆኑ፣ ከጫካው የሚገኘውን ፍሬ፣ ሥራሥር፣ ማገዶና ቀርከሃ መውሰድ ለልጅ ከቤተሰብ ሥራ አንዱ ሲሆን፣ በጎተራ የገባው ማሽላ ግን የማን እንደሆነ ልጅም ጠንቅቆ ያውቃል። እዚያ ንብረት የለም ማለት አይደለም፤ ድንበሩ የተሰመረበት ቦታ ሌላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከአጥር አጠገብ የቆመ ቀርከሃ ወስዶ መጫወቻ የሠራ ልጅ ሲገኝ፣ ከቁጣ በፊት ባለቤት ያለው መሆኑን ያውቅ እንደነበረ መመርመር ይገባል፤ ካላወቀ የሚያስፈልገው ትምህርት እንጂ ቅጣት አይደለም።

በዚህ ክልል የወርቅ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በመንጌ፣ በኩርሙክና በሸርቆሌ ወረዳዎች ወርቅን ከወንዝ አሸዋ አጥቦ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የነበረ የቤተሰብ ሥራ ሲሆን፣ ልጆችም አፈር በማመላለስና ውኃ በመቅዳት ይሳተፋሉ። ከሥራው የሚገኘው ነገር ለዓይን እንኳ የማይሞላ ብናኝ፣ ዋጋው ግን በግራም የሚቆጠር ብዙ ገንዘብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አፈር ሲያመላልስ የዋለ የ12 ዓመት ልጅም ከዚህ ገንዘብ ምን ያህሉ የእርሱ ድካም ዋጋ እንደሆነ ማንም አይነግረውም። እንዲህ ያለ ልጅ ጥቂት ብናኝ ደብቆ ሲገኝ ድርጊቱ ስርቆት መሆኑ ባይካድም፣ በውስጡ ያልተሰማ የድርሻ ጥያቄ መኖሩም መካድ የለበትም። ዕቃው መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ከሥራው ትንሽም ብትሆን የታወቀች ድርሻ እንድትኖረው ማድረግ ከማንኛውም ዘለፋ ይልቅ እጁን ይሰበስባል። ከብት ለሚጠብቁ፣ በሱቅ ለሚያግዙ፣ በገበያ ቀን ከእናታቸው ጋር ለውዝ ለሚቸረችሩ ልጆችም ጉዳዩ ያው ነው፤ የራሱ የሚለው ነገር ኖሮት የማያውቅ ልጅ የሌላውን ሰው ንብረት ማክበር ምን ማለት እንደሆነ ከራሱ ስሜት ተነሥቶ ሊረዳ አይችልም።

ልጆች የሚሰርቁበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መድኃኒት ማከም ከተለመዱት ስሕተቶች ዋናው ነው። የራበው ልጅ ዳቦ ቢያነሣ የመጀመሪያው መልስ ዳቦ ነው፤ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጓደኞቹ ያላቸውን እስክሪብቶ አይቶ የጎመጀ ልጅ የሚያስፈልገው ምኞትን ተናግሮ "አሁን አንችልም" የሚል መልስ መቀበልን መልመድ ሲሆን፣ ከጎረምሶች ጋር ሆኖ ለጀብዱ የሚያነሣው ደግሞ ከዕቃው ይልቅ የጓደኞቹን አድናቆት ይፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለወላጅ ግልጽ የማይሆነው፣ የሚያስፈልገው ነገር ያልጎደለበት ልጅ ደጋግሞ፣ አንዳንዴም የማይጠቅመውን ነገር ጭምር መውሰዱ ነው፤ በዚህ ረገድ የሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ሥራ እስከ ዛሬ ይነበባል። ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጥናት 44 ሌቦች ልጆችን ከሌሎች 44 ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ ከሌቦቹ መካከል ፍቅር የማይሰማቸው መስለው የታዩትን 14 ልጆች ለይቶ ሲመረምር፣ 12ቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው የነበሩ ሆነው አገኛቸው፤ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት 44 ልጆች መካከል እንዲህ ያለ መለየት የደረሰባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽና በመርማሪው በራሱ ፍርድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ብዙ ተተችቷል፤ ስለዚህ የተለየ ልጅ ሁሉ ይሰርቃል የሚል መደምደሚያ ሊወጣበት አይገባም። ዶናልድ ዊኒኮት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ድብደባ ሸሽተው ከቤተሰብ የተለዩ ልጆችን ሲያክም ካየው ተነሥቶ፣ እንዲህ ያለው ልጅ የሚፈልገው የሰረቀውን ዕቃ ሳይሆን በመብት የእርሱ የነበረውንና ያጣውን እንክብካቤ ነው ብሎ በ1956 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ ስርቆቱንም የጥፋት ብቻ ሳይሆን የተስፋ ምልክት አድርጎ አየው፣ ልጁ ያጣው ነገር ሊመለስለት እንደሚችል ገና ያምናልና።

ይህ ሐሳብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከመጽሐፍ ወጥቶ በኑሮ ይታያል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በካማሺና በመተከል ዞኖች በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ሌሎች ብዙዎችን በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አካባቢ አምጥቷል፤ ከእነርሱም በፊት በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች ያደጉ ልጆች አሉ። ቤቱን፣ ፍየሉን፣ ምናልባትም አባቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ልጅ፣ ንብረት ማለት ጉልበተኛ ሲመጣ የሚወሰድ ነገር እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። ይህ ልጅ የጎረቤቱን ሳሙና ወይም የመምህሩን ጠመኔ ሲወስድ የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም፤ እርሱ ራሱ የተወሰደበትን ማንም አልመለሰለትምና። ዕቃውን እንዲመልስ መጠየቁ ግን ለእርሱም ተገቢ ነው፤ ምናልባትም ከሌላው ልጅ ይበልጥ ያስፈልገዋል፣ የተወሰደ ነገር ሊመለስ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያ ሊሆን ይችላልና።

በአገራችን ቤቶች በብዛት የሚወሰደው ርምጃ ዱላ ሲሆን፣ ከዚያም አልፎ በበርበሬ ማጠንና እጅን በጋለ ብረት መተኮስ ስርቆት እንደሚያስቆሙ ቅጣቶች ተቆጥረው ኖረዋል። ስለ ኋለኞቹ ማለባበስ አይገባም፤ የበርበሬ ጢስ የልጅን ዓይንና መተንፈሻ የሚጎዳ፣ መተኮሱም ጠባሳውን ዕድሜ ልክ የሚያስቀር ጭካኔ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት የተከለከለ ሲሆን፣ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ ወይም የሚደበድብ አሳዳጊ እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ በእርግጥ ሕጉ ለተገቢ ሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ቦታ ይተዋል፣ ይሁንና ልጅን ማጠንና መተኮስ በምንም መንገድ በዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ቀለል ያለው ግርፊያስ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በቅንነት መመለስ አለበት፤ ብዙ ወላጆች የሚገርፉት ከጥላቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልታያቸው ነውና።

ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ ፍንጭ ይሰጣል። በአንዲት የምዕራብ አፍሪካ አገር የሚገኙ፣ አንደኛው በዱላና በጥፊ የሚቀጣ፣ ሌላው በተግሣጽ ብቻ የሚያስተምር ሁለት ትምህርት ቤቶችን መርጠው፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ከጀርባቸው ያለውን መጫወቻ ዞረው እንዳያዩ ነግረዋቸው ብቻቸውን ተዉአቸው። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ዞረው አዩ፤ ሲጠየቁ ግን ዱላ በሌለበት ትምህርት ቤት የዋሹት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ዱላ ባለበት ሁሉም ማለት በሚያስችል ደረጃ ዋሹ፤ ውሸታቸውም ተከታታይ ጥያቄን የሚቋቋም፣ የተሻለ የተሸመነ ነበር። ዱላው መታዘዝን አልጨመረም፤ መደበቅን ግን አስተምሯል። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1965 ጆናታን ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ልጆችን አንድ ማራኪ መጫወቻ እንዳይነኩ አንዳንዶቹን በከባድ ማስፈራሪያ፣ ሌሎቹን በለዘበ ቃል ከልክሎ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ከልካዩ ባለበት ጊዜ ታዘዙ፤ ከሳምንታት በኋላ ከልካዩ በሌለበት ጊዜ ግን በከባድ ማስፈራሪያ የተከለከሉት አብዛኞቹ መጫወቻውን ሲያነሡ፣ በለዘበ ቃል የተከለከሉት አብዛኞቹ ተዉት። ፍርሃት ጠባቂው እስካለ ድረስ የሚሠራ ሲሆን፣ ስርቆት ደግሞ ጠባቂ በሌለበት የሚፈጸም ነገር ነው።

ለዱላው መከራከሪያ ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰው በእንቁላል ጀምሮ በሬ ሰርቆ ለስቅላት የበቃው ልጅ ታሪክ ነው፤ ሊሞት ሲል እናቱን "በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" አላት ይባላል። ታሪኩ ጥልቅ ማስተዋል አለበት፣ ይሁንና በጥሞና ሲታይ የእናቲቱ ጥፋት አለመግረፏ አይደለም። ልጇ የሰው እንቁላል ይዞ ሲመጣ ተቀብላዋለች፤ እንቁላሉ ከቤት ገብቶ ምግብ ሆኗል፣ ወደ ጎረቤቷም ቤት የሄደ ሰው የለም። ገርፋው እንቁላሉን ጠብሳ ብትበላው ኖሮ ልጁ ከዚያ ቀን ምን ይማር ነበር? የተገረፈበትን ዋጋ ከፍሎ ዕቃውን እንደገዛ ከመቁጠር በቀር ሌላ የሚማረው ነገር አይኖርም ነበር። ቅጣቱ መሆን የነበረበት እንቁላሉን በእጁ ይዞ ጎረቤት ፊት መቆሙ ነው፤ ይህም በአሶሳ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱም እምነቶች የሚያስተምሩት ነው። በእስልምና የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ሳይመለስ ንስሓው ሙሉ አይሆንም፤ በወንጌል ዘኬዎስ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ ወስዶ ከሆነ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል።

እንግዲህ ወላጅ የሰው ዕቃ በልጁ እጅ ሲያገኝ የሚያደርገው ነገር ከንግግሩ አጀማመር ይነሣል። ዕቃውን አይቶ የማን እንደሆነ እያወቀ "ይህን ከየት አመጣኸው?" ብሎ መጠየቅ ለልጁ የውሸት በር መክፈት ነው፤ ልጁ "አገኘሁት" ወይም "ተሰጥቶኝ ነው" ካለ በኋላ ወላጅ በአንድ ጥፋት ፋንታ ሁለት ጥፋት ይዞ ይቀራል፣ ክርክሩም ከስርቆቱ ወደ ውሸቱ ይሸሻል። ይልቁንም የሚታወቀውን ነገር በረጋ ድምፅ መናገር ይሻላል፤ "ይህ የባለ ሱቁ ብስኩት ነው፣ አልከፈልንበትም፤ አሁን አብረን ሄደን እንመልሰዋለን" የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ የለበትም፣ ስድብም የለበትም፣ የሚቀጥለውንም ሥራ ይናገራል። ወላጅ በዚያ ቅጽበት ለመረጋጋት ካልቻለ እስኪበርድለት ድረስ ቢቆይ ነውር የለበትም፤ ጉዳዩ ግን ለትንሽ ልጅ ሌሊት ሳያድርበት መፈጸም አለበት፣ የአምስት ዓመት ልጅ የትናንቱን ድርጊትና የዛሬውን መዘዝ ማያያዝ ይቸግረዋልና።

ከዚያ ወደ ባለቤቱ መሄድ ይከተላል፤ የወላጅ አብሮነት የሚፈተነውም በዚህ ነው። ልጁን ብቻውን መላክ ለአቅሙ የማይመጥን ሸክም ሲሆን፣ ወላጅ ብቻውን ሄዶ ከፍሎ መምጣቱ ደግሞ ልጁን ከጉዳዩ ያወጣዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ አድርጎታል፤ ስለዚህ ገንዘቡን መክፈል በሕግም የወላጅ ግዴታ ነው፣ ይሁንና ወላጅ ለባለቤቱ የሚከፍለውን ልጁ ለወላጁ በአቅሙ መመለስ ይኖርበታል። ብስኩቱ ተበልቶ ከሆነ ባለ ሱቁ ፊት ይቅርታ ጠይቆ፣ ለተወሰኑ ቀናት ሱቁን መጥረግ ወይም በቤት ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ የብስኩቱ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነና መጨረሻው የታወቀ መሆን አለበት እንጂ ማለቂያ የሌለው ባርነት መሆን የለበትም። ባለ ሱቁ ወይም ጎረቤት በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ሊያበላሽ ይችላል፤ በርኅራኄ "ተዉት፣ ልጅ ነው" ብሎ ዕቃውን መልሶ ለልጁ ቢሸልመው የመጡበት ሥራ ይፈርሳል፤ መንደር እስኪሰማ ድረስ ቢጮህበት ደግሞ ልጁ ዳግመኛ እውነት አይናገርም። አስቀድሞ ለብቻ ሄዶ "ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ዕቃውን ተቀብለው እንዳዘኑበት ይንገሩት፣ ከዚያ ይማሩት" ብሎ መነጋገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በክልሉ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሽምግልናም ሆነ በጉሙዝ ማንጊማ ተብሎ በሚታወቀው የእርቅ ሥርዓት፣ በዳይ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣውን ከፍሎ፣ ከተበዳይ ጋር ታርቆ ወደ ማኅበሩ የሚመለስበት መንገድ የታወቀ ነው። ለትልልቆቹ ጠብ የተዘጋጀው ይህ ጥበብ በአንድ እስክሪብቶ ምክንያት ልጅ ሲያጠፋ መዘንጋቱ ያሳዝናል።

ማርቲን ሆፍማን የተባለው ተመራማሪ ማስገንዘብ ብሎ ሊተረጎም የሚችለውን የአስተዳደግ ዘዴ፣ ማለትም የልጁ ድርጊት በሌላው ሰው ላይ ያስከተለውን ጉዳት እያሳዩ ማረምን፣ ከኃይልና ከፍቅር ነፈጋ ጋር አነጻጽሮ የልጆችን ኅሊና በማጎልበት የተሻለው እርሱ እንደሆነ ጽፏል። ከሱቅ ሲመለሱ በመንገድ ላይ የሚደረገው ንግግር ይህ ነው፤ ባለ ሱቋ ብስኩቱን በስንት ገዝታ በስንት እንደምትሸጥ፣ ከዚያም የልጆቿን ደብተር እንደምትገዛ ልጁ ሲሰማ፣ ባለቤት የሚለው ሐሳብ ፊት ያለው ሰው ይሆንለታል። ተረት መንገርም ይጠቅማል፣ ግን ምርጫ አለው። ካንግ ሊ፣ ታልዋርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የዋሸ ልጅ ሲቀጣ የሚያሳዩ ታሪኮች፣ በሐሰት ተኩላ መጣ እያለ የጮኸው እረኛ ታሪክ ጭምር፣ የሕፃናትን ውሸት አልቀነሱም፤ እውነቱን ተናግሮ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ ግን ቀነሰ። ጉዳዩ በዚህ ከተዘጋ በኋላ በየጠቡ እያነሡ ማስታወስ የተከፈለን ዕዳ ደግሞ መጠየቅ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ "ሌባ" የሚለው ስም ነው፣ ለድርጊቱ የተሰጠው ቃል ከልጁ ጋር ከተጣበቀ ታናናሾቹ እንኳ ይጠሩበታልና።

ስርቆቱ ሲደጋገም በኦሪገን የሠሩት ጄራልድ ፓተርሰንና ጆን ሪድ ያስተዋሉት ነገር ይረዳል። ደጋግመው በሚሰርቁ ልጆች ቤት ወላጆች ዕቃውን በማይታመን ምክንያት፣ "ተውሼው ነው"፣ "መንገድ ላይ አገኘሁት" በሚል ማብራሪያ ማለፍ የለመዱ ሆነው አገኟቸው፤ መድኃኒቱም አጭር ደንብ ነበር። ምንጩ በግልጽ ያልታወቀ ዕቃ በልጁ እጅ ከተገኘ ያለ ምርመራና ያለ ክርክር ይመለሳል፣ የታወቀችውም ትንሽ ሥራ ትከተላለች። ከዚህ ጋር ገንዘብን በየመደርደሪያው አለመበተን፣ ልጁ የት እንደሚውልና ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅ፣ ከመምህሩም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ስርቆቱ ከእሳት መለኮስ፣ ከከብት ማሠቃየት ወይም ከቤት ከመጥፋት ጋር ከመጣ፣ አለዚያም ከአንድ ትልቅ ኀዘን በኋላ ከጀመረ፣ ጉዳዩ የሐኪምና የማኅበራዊ ሠራተኛ እገዛ ይፈልጋል።

ለማስፈራራት ሲባል ልጅን ወደ ፖሊስ ጣቢያ መውሰድ ግን ወላጅ ሊጀምረው እንጂ ሊጨርሰው የማይችለው ነገር ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ወንጀል ሲፈጽም ሕጉ ከአዋቂ ቅጣት ይልቅ ተግሣጽን፣ በቁጥጥር ሥር የሚሰጥ ትምህርትን፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት መወሰንንና ወደ ማረሚያ መላክን አዘጋጅቶለታል፤ ከአዋቂዎች ጋር እንዳይታሰርም ሕገ መንግሥቱ ጭምር ይከለክላል። ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች የተዘጋጀው የማረሚያ ተቋም ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ የሚገኘው ብቻ ሆኖ ስለቆየ፣ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አሶሳ የሕጉ ቃልና የጣቢያው ክፍል ላይገናኙ ይችላሉ። ልጁ በዚያ ክፍል ከሚያገኛቸው ሰዎች የሚማረውን ነገር የሚቆጣጠር ወላጅ የለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ዕቃው በልጁ እጅ ሲገኝ ነው፤ ዕቃ ጠፍቶ ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ሲቀር ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ለትምህርት ከወረዳ መጥተው በዘመድ ቤት የሚኖሩ፣ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ፣ ወይም ወላጆቻቸውን አጥተው የተጠጉ ልጆች በአሶሳ ብዙ ናቸው፤ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቁት፣ ሣጥናቸው የሚበረበረው፣ በቁርአን ወይም በመስቀል ማሉ የሚባሉትም እነርሱ ናቸው። አገራችን በማስረጃ ያልተደገፈ ፍለጋ ምን እንደሚያስከትል ከታሪኳ ታውቀዋለች፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዘለቀው የሌባ ሻይ ልማድ፣ የሚያሰክር መድኃኒት የተሰጠው ብላቴና እየተንገዳገደ የደረሰበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፣ ስንት ንጹሕ ሰውም በዚህ ተፈርዶበታል። በዛሬው ቤት ያለ ማስረጃ የሚጠረጠረው የዘመድ ልጅ የሚደርስበት ፍርድ ከዚያ ብዙ አይለይም። የጠፋው ገንዘብ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚቀመጥበትን ቦታ መቆለፍ፣ ለቤቱ ልጆች ሁሉ በእኩል "ገንዘብ ጠፍቷል፤ የወሰደ ካለ ያለ ቅጣት የሚመልስበት ቦታ ይህ ነው" ብሎ መናገርና መጠበቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ይመለሳል። ዕቃው ከፍራሽ ሥር ወይም ከሌላ ኪስ ሲገኝ ደግሞ፣ የተጠረጠረው ልጅ በማን ፊት ተጠርጥሮ ከነበረ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ይቅርታውንም የሚጠይቀው የቤቱ ታላቅ ሰው ነው።